ቫሳሎ የማን ስም ነው?

ልጃችን በተወለደች በሦስተኛው ሳምንት፣ አንድ ማታ ጫግኒ መብራት ጠፋ። ባለቤቴና ሕፃኗ ጓዳ ተኝተዋል። እናቴ ለአራሷ ገንፎ አገንፍታ፣ ዕቃ አጣጥባ፣ ገና አረፍ ማለቷ ነው። እኔና አያቴ ሳሎን በስልኬ መብራት ተቀምጠናል። መብራት ሲጠፋ አያቴ የሚያወሩት ከሁለት አንዱን ነው፤ ወይ ስለ ከብት፣ ወይ ስለ ሃምሳ አራቱ ዋንጫ። ያን ማታ ተራው የዋንጫው ነበር።

በ1954 ዓ.ም. አያቴ ገና ጎረምሳ ነበሩ። ሥራ ፍለጋ ከአገው ምድር አዲስ አበባ ድረስ ሄደው መርካቶ ጆንያ ይሸከሙ ነበር። ጥር 13 ቀን ኢትዮጵያ ለአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ከግብፅ ጋር ስትጫወት (ያኔ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ነበር የምትባለው) መግቢያ የሚሆን ገንዘብ ስላልነበራቸው ከስታዲየሙ አጥር ውጭ ቆመው ጩኸቱን ሰሙ። "አራቱንም ጎል በጆሮዬ ነው ያየሁት" ይላሉ። ከዚያ ስም ይጠራሉ፤ "ግርማ ተክሌ። ሉቺያኖ ቫሳሎ። ኢታሎ ቫሳሎ። መንግሥቱ ወርቁ።" ጎሎቹ የገቡበት ቅደም ተከተል ነው። ትናንት የበሉትን ይረሳሉ፣ ይህን ግን አንድም ቀን ስተውት አያውቁም።

ያን ማታ ግን ከዚህ በፊት ብለውት የማያውቁትን ነገር ጨመሩ።

"እኔ የምለው" አሉ፣ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው እየሳቡ፣ "ይኸ ቫሳሎ የሚሉት ሰውዬ፣ ሁለት ልጆቹ በአንድ ቀን ጎል ሲያገቡ የት ነበር?"

መጀመሪያ ሳቅኩ። ቀጥሎ ግን ሳቄ ቆመ። ጥያቄው ትክክል ነው እኮ! በእኛ አገር ሉቺያኖ ቫሳሎ ማለት "የቫሳሎ ልጅ ሉቺያኖ" ማለት ነው። ኢታሎ ቫሳሎም "የቫሳሎ ልጅ ኢታሎ"። ስለዚህ አንድ ቫሳሎ የሚባል ዕድለኛ አባት መኖር አለበት። አያቴ ያን ሰውዬ ስድሳ ምናምን ዓመት ሙሉ በልባቸው ይዘውት ኖረዋል።

"አባባ፣ ቫሳሎ እኮ የአባት ስም አይደለም" አልኳቸው።

"ታዲያ የማን ስም ነው?"

"የቤተሰብ ስም ነው። ጣልያኖች..."

"የቤተሰብ ስም ደግሞ ምንድን ነው?"

እኔ የሶፍትዌር ባለሙያ ነኝ። አምስት ዓመት ምህንድስና ተምሬ፣ ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት በአብዛኛው ሰዎች ስማቸውን የሚሞሉባቸውን ቅጾች ስሠራ ነው ያሳለፍኩት። "የቤተሰብ ስም" የሚል ሳጥን በገዛ እጄ ስንት ጊዜ እንዳስቀመጥኩ አላውቅም። እሱ ብቻ አይደለም፤ አጠገቡ ቀይ ኮከብ አድርጌ "ይህን ሳይሞሉ ማለፍ አይቻልም" ብዬ ጽፌያለሁ። አያቴ ሲጠይቁኝ ግን መልስ አጣሁ።

ጥያቄው ከኳስ ያለፈ ያደረገው ሌላ ነገር ደግሞ ነበር። በሕጉ መሠረት ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ከዘጠናው ሃያ ምናምኑ ሄዷል። የልጃችንን የራሷን ስም ከመረጥን ቆይተናል፤ የእኔ ስምም ቀጥሎ ይገባል። ያልጨረስነው ሦስተኛውን ሳጥን ነው፤ የአያት ስም። እሱን ስል ደግሞ እኔ ራሴ የማን ልጅ ነኝ የሚለው ጥያቄ ይመጣል።

በማግስቱ ሥራ መሥራት ሲገባኝ ስለ ቫሳሎ ሳነብ ዋልኩ።

ጣልያኖች ስሙን የሚጽፉት በሁለት "ኤል" ነው፤ ላሉ ይጠብቃል። እኛ ዘንድ ማጥበቅ በአፍ አለ፣ በፊደል ግን የለም። "ገና" ብዬ ብጽፍ በዓሉን ይሁን "እስካሁን" ለማለት ፈልጌ ይሁን የምትለዩት ከዐውዱ ነው። እናም ስሙ ወደ እኛ ፊደል ሲገባ ያ ጥብቀት ጠፋ። ዛሬ ብዙ የእግር ኳስ መዛግብት ውስጥ የኢትዮጵያዊው አምበል ስም በላቲን ፊደልም ቢሆን የሚገኘው በአንድ "ኤል" ነው። አንድ ፊደል መቀነሷ ትንሽ ነገር ትመስላለች። እንደ እኔ ዓይነቱ ሰው ግን ያውቃታል፤ በኮምፒውተር ፍለጋ አንድ ፊደል ማለት ሌላ ሰው ማለት ነው።

ትርጉሙስ? ቫሳሎ የመጣው በመካከለኛው ዘመን ላቲን ቫሳሉስ ከሚለው ቃል ነው። ለአንድ ጌታ ታማኝነቱን ምሎ የሚያድር፣ በለውጡ መሬትና ጥበቃ የሚያገኝ ሰው ማለት ነው። የቃሉ ሥር ከኬልቶች ቋንቋ ሲሆን መነሻው "ብላቴና፣ አገልጋይ" የሚል ነበር። ይህ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ብላቴና የሚለው የእኛው ቃልም ቤተ መንግሥት ገብቶ ብላቴን ጌታ የሚል ትልቅ ማዕረግ ወልዷል። እዚያም ቃሉ ከአገልጋይነት ተነሥቶ፣ ማዕረግ ነገር ሆኖ፣ በመጨረሻ የሰው ስም ሆነ።

ጣልያን ውስጥ ስሙ ብርቅ የሚባል አይደለም። በሲሲሊና በሊጉሪያ በኩል ይገኛል፤ ማልታ ውስጥማ በጣም ከተለመዱት አንዱ ነው። እንደነሱ ያለ አገር የስም ድግግሞሽ መቁጠር ቀላል ነው። በጣልያን ብዙ ሰው የሚጠራበት የቤተሰብ ስም ሮሲ ነው፤ "ቀዮቹ" እንደ ማለት፣ ምናልባት ከአንድ ቀይ ጸጉር ካለው ቅድመ አያት የመጣ። ፌራሪ ማለት ከአንጥረኛ የመጣ ነው፤ መኪናውን ስታዩ አንጥረኛ ቤት አስቡ። ዴ ሉካ የሉካ ዘር ነው። ጄኖቬዜ ከጄኖቫ የመጣው ነው። በኔፕልስ በኩል የበዛው ኤስፖሲቶ ደግሞ ከሁሉም ያሳዝናል፤ "የተጣለ" ማለት ነው። በር ላይ ተጥለው ለተገኙ፣ አባታቸው ላልታወቀ ሕፃናት ይሰጥ የነበረ ስም ነው። ልጁ አድጎ ወልዶ ከብዶ፣ የልጅ ልጁ ሀብታም ቢሆን እንኳ፣ ስሙ ያችን የተጣለባትን ሌሊት ይዞ ይሄዳል።

እነዚህ ስሞች ከአባት ወደ ልጅ እንዲጸኑ ያደረገው አንዱ ነገር መዝገብ ነው። በ1563 (በፈረንጅ) የተጠናቀቀው የትሬንት ጉባኤ ቄሶች የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ እንዲይዙ አዘዘ። ሰው ከተጻፈ በኋላ እንደ ልቡ ስም መቀየር ያስቸግራል። ቀይ ጸጉር ያለው አያት ሞተ፤ "ሮሲ" ግን ጥቁር ጸጉር ባላቸው የልጅ ልጆቹ ላይ ቀረ።

አንድ ደስ የሚል የሂሳብ ታሪክም አለ። በ1874 ፍራንሲስ ጋልተንና ቄስ ሄንሪ ዋትሰን የሚባሉ ሁለት እንግሊዛውያን የቤተሰብ ስሞች ለምን እንደሚጠፉ በቁጥር ለማስረዳት ሞከሩ። ስም የሚያስተላልፈው ወንድ ልጅ ብቻ ነው እንበል። እያንዳንዱ አባት በአማካይ ከአንድ የማይበልጥ ወንድ ልጅ ቢያሳድግ፣ ውሎ አድሮ ያ ስም መጥፋቱ የማይቀር ነው። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ይህን ቀመር ለሌላ ነገር ተምሬዋለሁ፤ ከሰው ስም መነሣቱን ያኔ ማንም አልነገረኝም።

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። ኢትዮጵያ ውስጥ የቤተሰብ ስም ድግግሞሽ ልቁጠር ብል ምን እቆጥራለሁ? አንድ ጊዜ ለሥራ ጉዳይ በሺዎች የሚቆጠሩ ስሞች ያሉበትን ሰንጠረዥ በመጨረሻው ስም ደርድሬው ነበር። ተሰማ የሚለው ስር የተሰለፉት ሰዎች ዘመዳሞች አይደሉም። ተሰማ የሚባል አያት ያላቸው፣ የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው። በጋልተን ሂሳብ ብንሄድ፣ በእኛ ወረቀት ላይ እያንዳንዱ ስም ሦስት ትውልድ ኖሮ ይጠፋል። ወንድ ልጅ ይብዛ አይብዛ ለውጥ የለውም። እኔ ስወልድ የቅድመ አያቴ ስም ከወረቀቱ ይወድቃል፤ ልጄ ስትወልድ የአያቴ ይወድቃል። ከፊት አንዱ ሲገባ ከኋላ አንዱ ይወጣል።

ሕጉ ግን ሌላ ነገር አስቦ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው፣ ፈረንሳዊው የሕግ ምሁር ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ አንቀጽ 32 ላይ ማንኛውም ሰው ከግል ስሙና ከአባቱ ስም ሌላ የቤተ ዘመድ ስም እንዳለው ይናገራል። አገሬው ይህን አልተቀበለውም። አልተቃወመውምም፤ በቃ እንደ ዱሮው ኖረ። ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፣ እስካሁን ቪዛ ልንጠይቅ ስንሄድ አባታችንን "የቤተሰብ ስም" የሚለው ሳጥን ውስጥ እንወሽቀዋለን። ፓትሪክ ማኬንዚ የሚባል ፕሮግራመር በ2010 (በፈረንጅ) እኛ የሙያው ሰዎች ስለ ሰው ስም የምናምናቸውን ውሸቶች አንድ ሁለት እያለ ደርድሮ ጽፎ ነበር። ሳነበው ግማሹን እኔ ራሴ ኮድ ውስጥ እንዳስገባሁት አየሁ። አሁን ፋይዳ መጥቶ ለእያንዳንዳችን 12 አሃዝ ሰጥቶናል፤ ለማሽኑ ስማችን ቢደጋገምም ችግር የለም። ለሰው ግን ቁጥር አይበቃም።

ዘር ስለማንቆጥር ነው እንዳትሉኝ። እኛ የምንቆጥረው በአፍ ነው። የአዊ ሕዝብ ራሱን ሰባት ቤት አገው ይላል፤ ቤቶቹ የሰባት ወንድማማቾች ዘር ናቸው ተብሎ ይተረካል። አንከሻ፣ ባንጃ፣ ዚገም እስከ ዛሬ የወረዳ ስሞች ናቸው። የቤተሰብ ስማችንን ከሰው ላይ አውርደን መሬት ላይ የጻፍነው ይመስለኛል። ለጋብቻ ደግሞ ሌላ ሰባት አለ፤ ሰባት ቤት ድረስ ተቆጥሮ ዝምድና እንደሌለ ሳይረጋገጥ ማግባት ነውር ነው።

የእኔ ችግር ያለው እዚህ ላይ ነው።

ሰባት ዓመት ሲሆነኝ ትምህርት ቤት ያስመዘገቡኝ አያቴ ናቸው። የእናቴ አባት። አስተማሪው መዝገቡን ገልጦ "የአባት ስም?" አለ። አያቴ ትንሽ እንኳ ሳያመነቱ የራሳቸውን ስም ተናገሩ። "የአያትስ?" ሲል የራሳቸውን አባት ስም ተናገሩ። አለቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በስምንተኛ ክፍል ካርድ፣ በዲግሪ፣ በባንክ ደብተር፣ በፋይዳ ላይ የአያቴ ልጅ ነኝ። የእናቴን ሙሉ ስምና የእኔን ሙሉ ስም ጎን ለጎን ብታስቀምጡ የአባታችንም የአያታችንም ስም አንድ ነው። ለዳታቤዝ እናቴ እህቴ ናት።

ይህ ብርቅ ነገር አይደለም። እያንዳንዳችሁ ክፍል ውስጥ በአያቱ ስም የሚጠራ ልጅ ነበረ፤ ወይም እሱ ራሳችሁ ናችሁ። አባቱ የሄደ፣ የካደ፣ ወይም በጊዜው መጠራቱ ያልተፈለገ። እኔ በልጅነቴ አንዴ ብቻ ጠይቄያለሁ። እናቴ "አባትህ አባባ ነው" አለች፤ ድምፅዋ ሁለተኛ እንዳልጠይቅ አድርጎ ዘጋው።

የዛሬ ሁለት ዓመት ሽማግሌ ስንልክ ግን ጥያቄው ተመለሰ። የባለቤቴ ቤተሰቦች ሰባት ቤት ይቆጠር አሉ። በእናቴ በኩል አያቴ እንደ ዳዊት ወረዱት፤ ሰባተኛው ላይ ደርሰው "ልጨምር?" አሉ። በአባቴ በኩል ግን ቤቱ ጸጥ አለ። ያኔ እናቴ ከማድቤት ወጣች፤ እጇ ላይ ሊጥ ነበር። ከሽማግሌዎቹ አንዱን ወደ ደጅ ጠራችው፣ በጆሮው አንድ ነገር ነገረችው። ሰውየው ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ ቆጠረ፣ ቆጠረ፣ ተመልሶ ገብቶ "ምንም መገናኛ የለም፤ ይጋቡ" አለ። ስሙን ማንም አልጠየቀውም። የይለፍ ቃል እንደዚህ ነው የሚረጋገጠው፤ ቃሉን ሳትይዝ ትክክል መሆኑን ብቻ ታውቃለህ። አያቶቻችን ይህን ከእኛ በፊት ያውቁ ነበር።

ማታ እናቴ ለእኔም ነገረችኝ። ሁለት ቃል ብቻ፤ ስሙንና የአባቱን ስም። "ካወቅህ በቃ። ምን እንደምታደርገው አንተ ታውቃለህ" አለች። እኔ ግን አላወቅሁም። ሁለት ዓመት ሙሉ ይዤው ዞርኩ። ልጄ ስትወለድ ደግሞ ክብደቱ ጨመረ። መረጃ ትክክል ይሁን እያልኩ እንጀራ የምበላ ሰው፣ ልጄን በማውቀው ስህተት ላይ ልመዝግባት?

ስለ ቫሳሎ ሳነብ የ1940ው ሕግ ላይ የደረስኩት በዚህ ሐሳብ ውስጥ ሆኜ ነው።

ሉቺያኖ በ1935 (በፈረንጅ) አሥመራ ተወለደ፤ አባቱ ጣልያናዊ ወታደር፣ እናቱ ኤርትራዊት። በዓመቱ ፋሺስቶቹ አዲስ አበባ ገቡ። በሚያዝያ 1937 አንድ ጣልያናዊ ከአፍሪካዊት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እንዲታሰር የሚያዝ አዋጅ ወጣ። ደንበኛ ሆኖ ሄዶ መመለስ አልነበረም ወንጀሉ። ፍርድ ቤቶቹ የሚፈልጉት ማስረጃ አብሮ መኖርን፣ በአንድ ማዕድ መብላትን፣ ሴቲቱን እንደ ሚስት ማየትን ነበር። ማለትም ሰውየውን የሚያሳስረው መውደዱ ነው።

ከዚያ በግንቦት 1940 ስለ ክልሶች ሕግ ቁጥር 822 መጣ። እንደ ፕሮግራመር ሳነበው በጥንቃቄ የተጻፈ ክልከላ ነው። ከጣልያን አባትና ከአፍሪካዊት እናት የተወለደ ልጅ በሁሉም ረገድ እንደ "አገሬ ተወላጅ" ይቆጠራል። ጣልያናዊው አባት ልጁን "ልጄ ነው" ብሎ ሊቀበለው አይችልም። ልጁ የአባቱን የቤተሰብ ስም ሊጠቀም አይችልም። የልጁ ቀለብ፣ ማሳደጊያውና ትምህርቱ በአፍሪካዊት እናቱ ጫንቃ ላይ ብቻ ይሆናል።

"ሊቀበለው አይችልም" የሚለው ላይ ቆምኩ። መካድ የሚፈልግ አባትማ ሕግ አያስፈልገውም፤ ተነሥቶ ይሄዳል። ሕጉ የተጻፈው ለማይክደው ነው። መዝገብ ፊት ቆሞ "ይህ የኔ ነው" ሊል የመጣውን አፉን ለመያዝ ነው። ሕጉ የተሻረው በ1947 ጣልያን ከተሸነፈች በኋላ ነው፤ በመካከሉ ግን ሕፃናቱ አድገዋል፣ እናቶቻቸው አሳድገዋቸዋል።

ቫሳሎ የሚለው ስምም ተረፈ። ሕጉ በወጣ በ22 ዓመቱ አዲስ አበባ ስታዲየም ውስጥ ተጠራ። በ1928 ዓ.ም. የጣልያን ጦር ከዙፋናቸው ያባረራቸው ንጉሠ ነገሥት፣ የአፍሪካን ዋንጫ ለአገራቸው አምበል ሲሰጡ፣ ዋንጫውን የተቀበለው አምበል ጣልያንኛ ስም ነበረው። ውጪ አጥር ሥር የቆመ አንድ የአገው ጎረምሳ ደግሞ ያን ስም ሰምቶ፣ በራሱ ቋንቋ ተርጉሞ፣ የአንድ አባት ስም አደረገው።

ማታ መብራት መጥቶ ነበር። ለአያቴ ያነበብኩትን በቻልኩት መጠን አወራኋቸው። ትርጉሙን ስነግራቸው ከልባቸው ሳቁ።

"የጌታ አሽከር ማለት ነው? ዋንጫውን ከጃንሆይ እጅ የተቀበለው?"

ሕጉን ስነግራቸው ግን ዝም አሉ። ቆየት ብለው "አባት ልጄ ነው እንዳይል የሚከለክል?" አሉ።

"አዎ አባባ።"

"እናትየዋስ?"

"እናትየዋ ታሳድግ ነው የሚለው።"

"እሱንማ ያለ ሕግም ታሳድጋለች" አሉና ወደ ጓዳው በር ዞር አሉ። እናቴ ሕፃኗን ታቅፋ እሹሩሩ እያለች ነበር። "ታዲያ ልጁ ኋላ ምን ሆነ?"

በደርግ ዘመን አገር ጥሎ እንደተሰደደ፣ ጣልያን እንደገባ፣ በ2022 (በፈረንጅ) በመስከረም ወር እዚያው እንዳረፈ ነገርኳቸው። ነፍስ ይማር አሉ። ከዚያ፣ ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ፣ "በአባቱ አገር ሞተ። ስሙን ግን እኛ ነን የምንጠራው" አሉ።

ያን ሌሊት ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኳት፤ ሦስተኛው ሳጥን ምን ያህል እንዳስጨነቀኝ፣ እውነቱን አውቄ ሌላ መጻፍ መዋሸት እንደሚመስለኝ። ልጇን እያጠባች አዳመጠችኝ።

"ትምህርት ቤት የወሰደህ ማን ነው?" አለችኝ።

"አባባ።"

"ስትታመም ኮሶበር ድረስ ተሸክሞ የሄደው?"

"አባባ።"

"ታዲያ ውሸቱ የቱ ጋ ነው? መዝገቡ 'አያቷ ማን ነው' ነው የሚለው። ልጅቷ ሌላውንም ማወቅ አለባት ካልክ ንገራት። መጻፍ ሌላ፣ መንገር ሌላ።"

የእኔ ስህተት ስም የደም መረጃ ነው ብዬ ማሰቤ ነበር። ኤስፖሲቶን ያስተላለፈው ደም አይደለም፤ መዝገብ ነው። የ1940ው ሕግ የከለከለውም ደምን አልነበረም፤ ደሙማ ልጁ ውስጥ ነበር፣ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር። የከለከለው ቃሉን ነው። አያቴ ያን ቀን በአስተማሪው ፊት የተናገሩት ቃል ስህተት ሳይሆን፣ አንድ ሮም ያለ መንግሥት ሕግ አውጥቶ ሊያስቀረው የፈለገው ቃል ነው።

አንድ ነገር ግን አሁንም ይቆረቁረኛል። በዚህ ሁሉ የስም ቅብብል ውስጥ የእናቴ ስም የለም። በልጄ የልደት ምስክር ወረቀት ላይ የባለቤቴ ሙሉ ስም ይጻፋል፤ ይህ ጥሩ ነው። የእናቴ ግን የትም አይገባም። እኔን ያሳደገችኝ፣ ልጄን እሹሩሩ የምትለው ሴት ለመዝገቡ የለችም። ስለዚህ አንድ ወረቀት አዘጋጀሁ። ኮምፒውተር ላይ አይደለም፤ በእጄ። ከላይ የእናቴን ስም ጻፍኩ። በቀኝ በኩል አያቴ የቆጠሩልኝን ሰባት ስም። በግራ በኩል እናቴ በሊጥ እጇ ደጅ ወጥታ የተናገረችውን ሁለት ስም። ከሥሩም ማን ምን እንዳደረገልኝ ጥቂት መስመር። ከክትባት ካርዷ ጋር ፖስታ ውስጥ አድርጌ አስቀምጫለሁ። ማንበብ ስትችል ታነበዋለች።

የሰማንያ ቀን ክርስትናዋ በተነሣች ማግስት ወደ ምዝገባ ጽሕፈት ቤቱ ሄድን። አያቴ "እኔም እሄዳለሁ" ብለው ከዘራቸውን ይዘው ተከተሉን፤ እንደ ክብረ በዓል ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው። ወረፋው ረጅም ስለነበር ግድግዳው ጥግ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ወዲያው እንቅልፍ ሸለብ አደረጋቸው።

ተራችን ደረሰ። የመዝገብ ሠራተኛዋ ወጣት ናት፤ ምናልባት ከእኔ ታንሳለች። የሕፃኗን ስም ጻፈች። የእኔን ጻፈች።

"የአያት ስም?"

ተናገርኩ። እጄ አልተንቀጠቀጠም፣ ድምፄም አልተለወጠም። ጻፈችው። ከዚያ ስህተት እንዳይኖር ሙሉ ስሙን ጮክ ብላ አነበበችው፤ የልጄን፣ የእኔን፣ የአያቴን።

ከኋላችን ከአግዳሚው ወንበር ላይ አንድ ድምፅ፣ ከእንቅልፉ ብድግ ብሎ፣

"አቤት!" አለ።